ከወኅኒ ለወጣ ሰው የተሰጠ ሥራ ፍሬው እንዴት ይቈጠራል?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ ምእመናን፣ ጾም ሲገባ እስረኛ መጠየቅ የቆየ ልማዳችን ነው። የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች ዳቦና ንፍሮ ይዘው ይሄዳሉ፤ የጽዋ ማኅበራት ሳሙናና ልብስ ያሰባስባሉ፤ እናቶቻችን ስሙን ለማያውቁት እስረኛ ሳይቀር ስንቅ ይቋጥራሉ። ጌታችን በመጨረሻው ቀን ከሚጠይቀን ነገር አንዱ ይኸው መሆኑን ከሕፃንነታችን ጀምሮ ስንሰማ አድገናል (ማቴ. 25፥36)። ይህ መልካም ነው። ግን እስረኛው በተፈታ ዕለት ምን ይሆናል? ፌስታሉን አንጠልጥሎ ከበሩ ሲወጣ ማን ይጠይቀዋል? ታስሮ ሳለ ዳቦ የወሰድንለት ሰው ተፈትቶ ሥራ ስጡኝ ብሎ ደጃችን ሲመጣ "ተያዥ አለህ?" እንለዋለን።

የዐቢይ ጾም አራተኛው ሰንበት መፃጉዕ ይባላል። ያ ሠላሳ ስምንት ዓመት የታመመው ሰው፣ መዳን ይፈልግ እንደሆነ ጌታ ሲጠይቀው እፈልጋለሁ ብሎ አልመለሰም። ወደ ውኃው የሚያወርደው ሰው እንደሌለው ነው የተናገረው (ዮሐ. 5፥7)። ከወኅኒ የሚወጣ ሰው ችግርም አብዛኛውን ጊዜ ይኸው ነው። ፍርዱን ጨርሷል፤ ሰው ግን የለውም። ጥበቃ ልሁን ቢል ተያዥ፣ ሹፌር ልሁን ቢል ተያዥ፣ መሥሪያ ቤት ልግባ ቢል ከወንጀል ነፃ የሚል የፖሊስ ማስረጃ። ማን ይያዘው? ዘመድ አፍሯል፣ ጎረቤት ፈርቷል። እጁን ዘርግቶ የሚቀበለው የድሮ ጓደኛው ብቻ ነው፤ እሱም ወደ ድሮው ሥራ ሊመልሰው። ስሙን ከከርቸሌ ወደ ማረሚያ ቤት ለውጠነዋል፣ እስረኛውንም ታራሚ ብለነዋል። ሲወጣ ግን ታርሟል ብሎ የሚያምንለት የለም።

ይህ የእኛ አገር ነገር ብቻ አይደለም። ዴቫ ፔጀር የምትባል አሜሪካዊት ተመራማሪ ሚልዋኪ በምትባለው ከተማ ወጣቶችን አሠማርታ 350 ቀጣሪዎችን ፈትና ነበር፤ ውጤቱን ያሳተመችው እ.ኤ.አ. በ2003 ነው። ወጣቶቹ በትምህርትም በሥራ ልምድም እኩል ሆነው እንዲቀርቡ ተደረገ፤ ልዩነታቸው አንደኛው "ታስሬ ነበር" ብሎ ማመልከቱ ብቻ ነበር። (እንደ እውነቱ አልታሰረም፤ ለፈተናው ነው።) ከነጮቹ መካከል ያልታሰረው ከመቶ 34 ጊዜ ሲጠራ፣ ታስሬ ነበር ያለው 17 ጊዜ ብቻ ተጠራ። ከጥቁሮቹ መካከል ያልታሰረው 14፣ ታስሬ ነበር ያለው 5። ልብ በሉ፤ ጥቁር ሆኖ ያልታሰረው፣ ነጭ ሆኖ ታስሬ ነበር ካለው እንኳ አንሶ ነው የተጠራው። በሩ እንዲህ ነው የሚዘጋው።

ስለዚህ ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው ሥራ መስጠት ምጽዋት ነው፤ እንዲያውም ከምጽዋት ይበልጣል። ሐዋርያው ጳውሎስ ለኤፌሶን ሰዎች ሲጽፍ፣ የሚሰርቅ ሰው መስረቁን እንዲተው ብቻ አይደለም የመከረው። በገዛ እጁ እንዲሠራ፣ ሠርቶም ለተቸገረ የሚያካፍለው እንዲኖረው ነው (ኤፌ. 4፥28)። ሌባው መጽዋች እስኪሆን ድረስ ማለት ነው።

እዚህ ጋ ጥያቄው ይመጣል። አንድ ማኅበር ወይም መንግሥት ገንዘብ አውጥቶ ከወኅኒ ለወጡ ሰዎች ሥራ ቢሰጥ፣ ጠቀመ አልጠቀመም ብሎ መቍጠር ይገባዋል? ወይስ መስጠቱ ይበቃል?

አንዳንዶቻችን መቍጠር ደስ አይለንም። ቀኝ እጅ የምታደርገውን ግራ እጅ እንዳታውቅ ታዝዘናል እንላለን። ደግሞስ "ይህ ገንዘብ ለሌላ ቢውል ይሻል ነበር" ያለው ማን ነበር? ሽቱውን ሦስት መቶ ዲናር ተምኖ ለድሆች ያዘነ የመሰለው ይሁዳ አይደለም? (ዮሐ. 12፥5)። ንጉሥ ዳዊትም ሕዝቡን ስለ ቈጠረ መቅሠፍት መጥቷል። እኔ ከአብነት ትምህርቱ ቀጥሎ በዲፕሎማ የተማርኩት ሒሳብ አያያዝ ስለሆነ ለቁጥር አደላ ይሆናል፤ ነገር ግን ይህ ክርክር ግማሽ ክርክር ነው ባይ ነኝ። የቀኝና የግራ እጅ ነገር የተነገረው ስለ ውዳሴ ከንቱ ነው፤ የሰጪው ስም ይሰወር ተባለ እንጂ የተቀባዩ መጨረሻ አይታይ አልተባለም። ይሁዳም የተነቀፈው ከረጢቱን ይዞ ስለሚሰርቅ ነው። ጳውሎስ ደግሞ ለኢየሩሳሌም ምእመናን የተሰበሰበውን ገንዘብ ሲያስልክ፣ ሐሜት እንዳይነሣ የታመኑ ሰዎች አብረው እንዲጓዙ አድርጓል (2ቆሮ. 8፥18-21)። ሙዳየ ምጽዋት ውስጥ የገባችው ብር የአንዲት መበለት የዕለት ጉርሷ ልትሆን ትችላለች። ያለ ፍሬ ብትቀር መልስ የሚሰጥ ሰው ያስፈልጋል።

መቍጠር ይገባል ካልን፣ እንዴት እንቍጠር? ብዙ ሰው የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነው። ለምሳሌ ያህል አንድ ማኅበር ከወኅኒ ለወጡ አሥር ሰዎች ሥራ ሰጠ እንበል። ከሦስት ዓመት በኋላ ስድስቱ ወደ እስር አልተመለሱም። በዓመቱ ጉባኤ ላይ ስድስት ነፍስ አዳንን ተብሎ ይጨበጨባል። ቆይ እስኪ፤ ሥራ ባይሰጣቸውስ ኖሮ? እነዚህኑ የመሰሉ፣ ሥራ ያላገኙ ሌሎች አሥር ሰዎችን ብናይና ከእነሱ አምስቱ ሳይመለሱ ቢቀሩ፣ በማኅበሩ ሥራ የተረፈው አንድ ሰው ነው። የቀሩትን አምስቱን እግዚአብሔር በሌላ መንገድ ጠብቋቸዋል፤ በእናት ዕንባ፣ በዕድሜ መብሰል፣ በትዳር። ጭብጨባው ለስድስት ነበር፤ ሒሳቡ ግን አንድ ነው። አንድ ደግሞ ትንሽ አይደለም፤ መቶ በጎች የነበሩት እረኛ ዘጠና ዘጠኙን ትቶ የሄደው ስለ አንዱ ነው።

እንዲህ ያለውን ቈጠራ ከደፈሩት መካከል በኒውዮርክ ከተማ ያለው ሴንተር ፎር ኢምፕሎይመንት ኦፖርቹኒቲስ የተባለ ድርጅት ይገኝበታል። ሥራውን የጀመረው በ1970ዎቹ ቬራ በተባለ ተቋም ሥር ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. ከ1996 ወዲህ ራሱን ችሏል። ከእስር የወጣውን ሰው ጥቂት ቀን ያሠለጥኑታል፤ ከዚያ በቡድን ሆኖ ጽዳትና ጥገና ይሠራል። ቋሚ ሥራ የሚያፈላልግለት ሰውም ይመደብለታል። ደመወዙ በየዕለቱ ሥራ ሲያበቃ ይከፈለዋል። የወይኑ አትክልት ጌታም ለሠራተኞቹ ማታውኑ እንዲከፈላቸው አዝዞ የለ? ኪሱ ባዶ ለሆነ ሰው ሠላሳ ቀን ጠብቅ ማለት፣ የድሮ ጓደኞችህ ጋ ሂድ ማለት ነው።

እ.ኤ.አ. በ2004 እና በ2005 ኤም.ዲ.አር.ሲ. የተባለ የጥናት ድርጅት ወደዚያ የመጡ 977 ሰዎችን በዕጣ ለሁለት ከፈላቸው። አንደኛው ወገን የቡድን ሥራውን አገኘ። ሁለተኛው ወገን ሥራ የሚፈለግበት ክፍልና መጠነኛ እገዛ ብቻ ተሰጠው። በሰው ዕድል ላይ ዕጣ መጣል ይከብዳል፤ እኔንም መጀመሪያ ሳነበው ቀፎኛል። ግን ቦታው ከፈላጊው ሲያንስ መቼም የሚቀር ሰው አይጠፋም፤ በዘመድ ወይም ፊት አይቶ ከመምረጥ ደግሞ ዕጣ ይሻላል። ማትያስም ከሐዋርያት የተቈጠረው በዕጣ ነው። ሁለቱንም ወገን ሦስት ዓመት ተከታተሏቸው።

የመጨረሻው ውጤት እ.ኤ.አ. በ2012 ሲወጣ ሁለት ፊት ነበረው። በሥራ በኩል የቡድን ሥራ የተሰጣቸው በመጀመሪያው ጊዜ እጅግ በለጡ፤ እየቆየ ሲሄድ ግን ልዩነቱ ደበዘዘ። "ስንቱ ሥራ ላይ ቆየ?" በሚለው ብቻ ቢመዘን ኖሮ ፕሮግራሙ ከሸፈ ተብሎ ይዘጋ ነበር። ወደ ወንጀል በመመለስ በኩል ግን ሥራ የተሰጣቸው ከሌሎቹ አነሱ። በተለይ ከእስር በወጡ በሦስት ወር ውስጥ የመጡት ላይ ለውጡ ጎልቶ ታየ፤ እንደገና መያዝ፣ እንደገና ጥፋተኛ መባል፣ እንደገና መታሰር በእነሱ ዘንድ ከ16 እስከ 22 በመቶ ቀነሰ። በገንዘብ ሲሰላም ጥቅሙ ከወጪው በለጠ፤ የሚበዛውም ጥቅም ለፖሊስ፣ ለፍርድ ቤትና ለወኅኒ ይወጣ ከነበረው የተረፈ ነው።

ለምን እንዲህ ሆነ? እኔ እንደሚመስለኝ ሰውየው የሚጠፋው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ነው። በእነዚያ ሳምንታት ጧት የሚጠብቀው ሰው ካለ፣ ማታ ኪሱ ውስጥ የላቡ ዋጋ ካለ፣ ያንን ክፉ ጊዜ ይሻገራል። ከተሻገረ በኋላ ሥራው ቢቀርም መሻገሩ አይቀርም።

ከጥናቱ ሁሉ ልቤን የነካው ግን ሌላ ነገር ነው። ጥቅሙ የበረታው ለመመለስ ይበልጥ በተጋለጡት ላይ ነበር፤ ብዙ ጊዜ በወደቁት፣ ምንም በሌላቸው፣ "እሱማ አለቀለት" በሚባሉት ላይ። እስቲ አስቡት፤ ለሪፖርቱ የሚጨነቅ ማኅበር ማንን ይመርጣል? አንዴ ብቻ የተሳሳተውን፣ አነጋገሩ ያማረውን፣ ዘመድ ያለውን። እነዚህን ሰብስቦ ከአሥር ዘጠኙ ተሳካልን ይላል። ዘጠኙ ግን ያለ እሱም ይቆሙ ነበር። የከበደው ሰው በር ላይ ቆሞ ቀረ፤ ሪፖርቱም አማረ! ለጭብጨባ የሚደረግ ቈጠራ ከታናናሾቹ ያርቀናል። "እኛ ባንኖርስ?" ብሎ የሚጠይቅ ቈጠራ ደግሞ ይዞን የሚሄደው ጌታ ራሱን ወደ መሰለባቸው ወደ እነዚያው ታናናሾች ነው። ይህን ሒሳብ ሳልማር በፊት ከአባቶች ሰምቼዋለሁ፤ በቁጥር ተጽፎ ሳየው ግን ገረመኝ።

ሌላም የማይታይ ተጠቃሚ አለ። ሥራ ያገኘው ሰው ያመሰግናል፤ ልጆቹም ያመሰግናሉ። ያልተዘረፈችው እናትስ? ማክሰኞ ማታ ከገበያ ስትመለስ ቦርሳዋን ሊነጥቃት የነበረው ልጅ ያን ዕለት ሲሠራ ውሎ ደክሞት ተኝቷል። እሷ ግን ምንም አታውቅም፤ በሰላም ቤቷ ገባች፣ ቡናዋን አፈላች። እንዲህ ያለ ሰው ለማኅበሩ የምስጋና ደብዳቤ አይጽፍም። የቀረ ክፋት ድምፅ የለውም፤ ሁለቱን ወገን ጎን ለጎን አስቀምጦ ያልቈጠረ ሰው ጨርሶ አያየውም። እስረኛን መርዳት ተበዳዩን መርሳት ነው ለሚሉ ወገኖችም መልሱ ከዚሁ ይጀምራል። የትናንቱ ተበዳይ ካሣና ይቅርታ ይገባዋል፤ ያ ራሱን የቻለ ዕዳ ነው። የነገው ተበዳይ ደግሞ ከናካቴው ባይበደል ይሻለዋል።

በእንግሊዝ አገር ደግሞ ፒተርቦሮ በተባለ ወኅኒ ቤት እ.ኤ.አ. በ2010 ሌላ ዓይነት ሙከራ ተጀመረ። አሥራ ሰባት ገንዘብ አውጪዎች 5 ሚሊዮን ፓውንድ አዋጡ። በዚያ ገንዘብ ከ12 ወር በታች ተፈርዶባቸው የሚፈቱ ወንዶች ሲወጡ ተቀባይ ሰው፣ ቤት፣ ከሱስ መላቀቂያ፣ ሥራ ማፈላለጊያ እገዛ አገኙ፤ ሥራ ከእገዛው አንዱ ክፍል ነበር። ውጤት ከተገኘ መንግሥት ገንዘባቸውን ከነትርፉ ይመልሳል፤ ካልተገኘ ገንዘቡ ቀረ። በሰው መታረም ማትረፍ ምን ዓይነት ነገር ነው የሚል ይኖራል፤ እኔም ብዙ አልወደድኩትም። የመቍጠሪያው ደንብ ግን ትምህርት አለው። ቈጠራው እገዛውን ፈልጎ የመጣውን ብቻ ሳይሆን ከዚያ ወኅኒ ቤት የወጣውን ሁሉ ያካተተ ነበር፤ ስለዚህ ቀላሉን መርጦ ከባዱን መተው አያዋጣም። ሁለተኛው ደግሞ ይበልጥ ደስ ይላል። "ወደቀ ወይስ አልወደቀም?" ብለው አልጠየቁም፤ "በዓመት ውስጥ ስንት ጊዜ ጥፋተኛ ተባለ?" ነው ያሉት። አሥር ጊዜ ይወድቅ የነበረ ሰው ሦስት ጊዜ ቢወድቅ፣ ሰባቱ ተቈጠረለት። እ.ኤ.አ. በ2017 ሲታወጅ እንደገና ጥፋተኛ መባል ከሚመሳሰሏቸው ሌሎች ጋር ሲነጻጸር በ9 በመቶ ቀንሶ ነበር፤ የተባለው 7.5 ስለነበረ ገንዘባቸው ተመለሰ።

ንስሐ አባት ያለው ሰው ይህ አይገርመውም። መምህረ ንስሐ ልጁን አንዴ ወደቀ ብሎ ከመዝገብ አይሰርዘውም፤ ከፊተኛው ዘንድሮ እንዴት ነህ ይለዋል። ሰው የሚነሣው እንዲህ እየተንገዳገደ ነው። አንድ ጊዜ ከሥራ የቀረውን "እኔ ድሮም ብያለሁ" ብሎ የሚያባርር ቀጣሪ ስንት ጥቂት በጥቂት የሚድን ሰው እንዳስመለጠ አያውቅም።

አሁን ደግሞ ስለ ገንዘብ ተመን ጥቂት ልበል። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ በሳን ፍራንሲስኮ ሮበርትስ ኢንተርፕራይዝ ዴቨሎፕመንት ፈንድ የተባለ ድርጅት፣ እንዲህ ያለ የሥራ ዕድል ለማኅበረሰቡ የሚያስገኘውን ጥቅም በገንዘብ ተምኖ ከወጪው ጋር ማስተያየት ጀመረ። ከዚያ ወዲህ "አንድ ብር ብታወጣ ይህን ያህል ብር ይመለስልሃል" የሚል አነጋገር በብዙ አገር ተለመደ። ባለሥልጣንን ለማሳመን ይጠቅማል፤ አልጠላውም። ግን በዚያ ተመን ውስጥ የማይገባ ስንት ነገር አለ! ትምህርት ቤት "አባትህ ምን ይሠራል?" ሲባል አንገቱን ይደፋ የነበረ ልጅ ቀና ብሎ "ግንበኛ ነው" ሲል በስንት ይተመናል? ደግሞስ አንድ ቀን ሒሳቡ ተሠርቶ ወጪው ከጥቅሙ በለጠ ቢባል፣ ሰውየውን እንተወው? ይህ ነው የሚያስፈራኝ። ሒሳቡ እንዴት ብንረዳ እንደሚሻል ይነግረናል። ልንረዳው ይገባል ወይ የሚለውን ግን ሒሳብ ሳይጠየቅ ጌታ አስቀድሞ መልሶታል። አንዱ መንገድ ካልሠራ ሌላ መንገድ እንፈልጋለን እንጂ ሰውየውን አንፈልግም አንልም።

በስድስተኛው ሰንበት በገብር ኄር የምንሰማው ታሪክም መክሊት ስለ መቈጣጠር ነው። ጌታው ሒሳብ ጠይቋል። ነገር ግን አምስት ያተረፈውና ሁለት ያተረፈው የተመሰገኑት በእኩል ቃል ነው፤ የታየው እያንዳንዱ በተሰጠው ምን እንዳደረገ ነበርና። ከባድ ሰዎችን የተቀበለ ማኅበርና ቀላል ሰዎችን የመረጠ ማኅበር በአንድ ሠንጠረዥ አይወዳደሩም።

ታዲያ በእኛ ሰበካ ምን ይቻላል? በአገራችን በበዓላት ሰሞን በይቅርታ የሚፈቱ ብዙዎች ናቸው። በእነዚያ ሳምንታት ተዘጋጅቶ የሚጠብቅ ማኅበር ይኑር፤ የመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ካለፉ ብዙ ነገር ያልፋል። ሥራ ደግሞ በቤተ ክርስቲያን ግቢ አይታጣም። አጥር ይታጠራል፣ ድንጋይ ይጠረባል፣ ከንግሥ በዓል ማግስት ግቢው ይጸዳል፣ ችግኝ ይተከላል። የቀን ሒሳቡ ማታውኑ ይከፈለው። አንድ ደብተር ይዘጋጅና የተፈታበት ቀን፣ የመጣበት ቀን፣ የሠራበት ቀን ይጻፍበት፤ በዓመቱም ወዴት እንደ ደረሰ ተፈልጎ ይጻፍ፤ የጠፋውም ጭምር። ቦታ አጥተን የመለስናቸውም በዚያው ደብተር ይጻፉ፤ እነሱን ካላወቅን የራሳችንን ፍሬ አናውቅምና። ደብተሩ ግን በጸሐፊው እጅ ይቆለፍበት። በዐውደ ምሕረት ላይ በማይክራፎን "ከእስር የወጣውን ወንድማችንን እገሌን ረድተናል" ማለት ሁለተኛ ፍርድ ነው፤ ሰፈሩ ሁሉ ሰምቶ ማን ይቀጥረዋል?

ከዚያ በኋላ የቋሚ ሥራው ጉዳይ ይመጣል፤ እሱ ደግሞ ተያዥ ይፈልጋል። ጳውሎስ በእስር ቤት ሆኖ ስለ አናሲሞስ ለፊልሞና ሲጽፍ የሸሸው አገልጋይ ዕዳ የለበትም አላለም። ያጠፋው ወይም የተበደረው ቢኖር በእኔ ላይ ይቈጠር ብሎ በገዛ እጁ ጽፎ ፈረመ (ፊልሞና ቁ. 18-19)። እንግዲህ የሰበካችሁ ማኅበር ስለዚህ ጉዳይ ለመነጋገር ሲሰበሰብ፣ ገንዘብ ከመዋጣቱ በፊት የተያዥነቱን ፎርም ማን እንደሚፈርም ይነጋገር። ደመወዝተኛ የሆናችሁ፣ መሥሪያ ቤት ደብዳቤ የሚጽፍላችሁ፣ ንግድ ፈቃድ ያላችሁ ምእመናን ስማችሁን ለማኅበሩ ጸሐፊ አስመዝግቡ። አንድ ሰው ብቻውን ከፈራ ሦስት አራት ሆናችሁ ተካፈሉት።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፣ ወለወላዲቱ ድንግል፣ ወለመስቀሉ ክቡር። አሜን።